የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክፍሉ በሙሉ «ገብቶናል» ሲል

ባለፉት ሁለት ወራት ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ በተለያየ ቃል ቢጻፉም፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። መምህር ምዕራፉ ሳያልቅ፣ ፈተናም ሳይደርስ፣ ተማሪዎቹ የተረዱትንና ያልተረዱትን በምን ያውቃል? በእጁ ያለው ቀላል ቴክኖሎጂስ በዚህ ረገድ ምን ያህል ያግዘዋል? ጥያቄው ለእኔም ቅርብ ነው፤ በዚችው ከተማ ለብዙ ዓመታት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁና። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥቼዋለሁ። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ትተነዋል።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሂርማታ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 68 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አስረድቼ ስጨርስ ‹ገባችሁ?› እላለሁ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› ይላሉ። ከሳምንት በኋላ አጭር ፈተና ስሰጥ ግን ብዙዎቹ መሠረታዊውን ነገር እንኳ እንዳልያዙ አያለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የተማሪዎችን መልስ በስልክ ካሜራ የሚያነብ አፕ እንዳለ ነገረችኝ። ያለኝ አንድ ስልክ ነው፤ ተማሪዎቼ ስልክ ይዘው እንዲገቡ አይፈቀድም። ይህ ነገር ለእኔ ክፍል ይሆናል?»

መልስ

መምህርት፣ ያንን በአንድ ድምፅ የሚወጣ «አዎ!» ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ተማሪዎቹ ሊዋሹዎት ብለው የሚሉት አይደለም። በ67 ጓደኞች ፊት «አልገባኝም» ማለት ራስን ማጋለጥ ነው፤ በእኛ አስተዳደግ ደግሞ መምህሩ ደክሞ ካስረዳ በኋላ እንዲያ ማለት ልፋቱን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር ይሉኝታው ከእውነቱ ይቀድማል። ብዙዎቹም በእውነት የገባቸው ይመስላቸዋል፤ ሰው አንድን ነገር አለመረዳቱን የሚያውቀው በነገሩ ሲጠየቅ ነውና። ስለዚህ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ቢቀር ምንም የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ባልደረባዎ የነገሩዎት ፕሊከርስ የሚባለውን አፕ ሳይሆን አይቀርም። ከድረ ገጹ ላይ ቁጥር የተሰጣቸው ካርዶች በነጻ ይወርዳሉ፤ በተራ ወረቀት ይታተማሉ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከሌላው የተለየ ጥቁርና ነጭ ምስል አለ፤ በምስሉ አራት ጎኖችም ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚሉት የላቲን ፊደላት በደቃቅ ተጽፈዋል። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ከፍ ያደርጋል፤ መምህሩ ስልኩን ይዞ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሲቃኝ ካሜራው ካርዶቹን ያነባል፤ የትኛው ቁጥር ምን እንደመረጠም ወዲያውኑ ስልኩ ላይ ይሰፍራል። ፊደሎቹ ደቃቅ፣ ምስሎቹም የተለያዩ በመሆናቸው ጎረቤትን አይቶ መገልበጥ አይመችም። ለተማሪዎች ስልክ ስለማያስፈልግ የትምህርት ቤትዎን ደንብ አይጥሱም። ስልክዎ ግን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ የሞባይል ዳታዎን ቀድመው ያዘጋጁ። ካርዶቹን በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አያስለብጡ፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው ማንበብ ይቸገራል።

መደበኛው የካርድ ስብስብ 40፣ ሰፊው ደግሞ 63 ነው፤ የእርስዎ ተማሪዎች 68 ናቸው። ይህ አያሳስብዎ። እኔ ብሆን አንድ ዴስክ ላይ ለተቀመጡ ለሁለት ተማሪዎች አንድ ካርድ ሰጥቼ በ34 ካርዶች እጨርሰዋለሁ፤ በአንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ካርድ ስለሚወጣ 17 ወረቀት ይበቃል። ነገር ግን ካርዱ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠውን ፊደል ለብቻው ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ ከሁለቱ ደፋሩ ይመርጣል፤ ዝምተኛው ይከተላል፤ እርስዎም የሚያገኙት የግማሹን ክፍል ሐሳብ ብቻ ይሆናል።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው፣ ጥያቄውን ማዘጋጀት ነው። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ብለው አራት ትርጓሜ ቢደረድሩ፣ ትርጓሜውን ከደብተሩ የሸመደደ ሁሉ ያገኘዋል፤ ካሜራው 34 ትክክለኛ ካርድ ይቆጥርልዎታል፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሻገራሉ። መልካም ጥያቄ የሚባለው ያልተረዳ ተማሪ በአጋጣሚ ትክክለኛውን መልስ የማያገኝበት፣ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫም አንድ የታወቀ የተሳሳተ አስተሳሰብ የሚያሳይበት ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይዎት።

የጅማ ልጅ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ የቡና ችግኝ ያላየ የለም፤ መልኮ ከሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎችንም ስማቸውን እየጠራ የሚነግርዎት ብዙ ነው። እንግዲህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ጥቂት ግራም የምትመዝን የቡና ችግኝ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ዛፍ ሆነች። ዛፏ ተቆርጣ ሙሉ በሙሉ ብትደርቅ፣ የዚያ ደረቅ እንጨት አብዛኛው ክብደት የተገኘው ከየት ነው?» ምርጫዎቹ አራት ይሁኑ፤ ኤ፣ ሥሩ ከአፈር ከሳበው ማዕድን፤ ቢ፣ ቅጠሉ ከአየር ከወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፤ ሲ፣ ከፀሐይ ብርሃን፤ ዲ፣ ከተጨመረለት ማዳበሪያ። ትክክለኛው ቢ ነው። የፎቶሲንተሲስን ቀመር ሰሌዳ ላይ ያለ ስሕተት የሚጽፍ ተማሪ ከአፈር ነው ብሎ ሲመልስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀመሩን ያውቀዋል፤ ነገር ግን አየር ክብደት ያለው፣ እንጨት የሚሆን ነገር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። ኤ የመረጠ፣ ሲ የመረጠና ዲ የመረጠ ተማሪ የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲ የመረጠው ጉልበትንና ቁስን ያምታታ ነው፤ ኤና ዲ የመረጡት ደግሞ ተክል ምግቡን ከመሬት ይበላል ብለው የሚያምኑ ናቸው።

ይህ ጥያቄ ባለበት አንድ ክፍል ከኋላ ቆሜ ስመለከት፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ካርዷን ወደ ኤ አዙራ ከፍ አደረገች፤ አወረደችው፤ ወደ ቢ አዞረችው፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና ወደ ኤ መለሰችው። በስልኩ ላይ የተመዘገበው አንድ ፊደል ብቻ ነበር። ለእኔ ግን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ሁሉ የቀረኝ ያ የካርዱ መዞር ነው፤ ልጅቷ በዚያች ደቂቃ እያሰበች ነበር። ስለዚህ ዓይንዎ ስልኩ ላይ ብቻ አይቀር።

ካርዶቹ ከተነበቡ በኋላስ? እዚህ ላይ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምረው ያዳበሩት አሠራር ጥሩ መመሪያ ይሰጣል። በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ትምህርቱ አልያዘምና በሌላ መንገድ እንደገና ይብራራል። ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ መምህሩ መልሱን ሳይናገር ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንዲከራከሩ ያደርጋል፤ ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ይቀጥላል። በእርስዎ ክፍል ለምሳሌ ከ34 ካርዶች 15ቱ ቢ ቢሆኑ 44 በመቶ ገደማ ነው፤ እንግዲያው የተለያየ መልስ የያዙ ሁለት ጥንዶች ፊታቸውን አዙረው ሦስት ደቂቃ ይነጋገሩ። መልሱን እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ በፊትዎ ገጽታ እንኳ አያሳውቁ። ትክክለኛው መልስ ከታወቀ ክርክሩ ይሞታል።

ውጤቱ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ያንኑ ማብራሪያ ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሌላ በር ይፈልጉ። ለዚህኛው ጥያቄ የፍሌሚሹን ሐኪም የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ይንገሯቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን 90 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን ደረቅ አፈር ላይ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተከለ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ጨመረች፤ አፈሩ ደርቆ ሲመዘን የቀነሰው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ቫን ሄልሞንት ራሱ ክብደቱ ሁሉ ከውሃ መጣ ብሎ ደመደመ፤ የአየሩን ድርሻ የደረሱበት ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ተማሪ ይህን ሲሰማ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ ያውቃል፤ አፈሩን የመዘነውን ሰው ግን መከራከር አይችልም።

ለከተማችን የተለየ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛ ደረጃ የምታስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ባዮሎጂው ነው ወይስ እንግሊዝኛው የሚለውን በቀላሉ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያውን ዙር በእንግሊዝኛ ይጠይቁ፤ በውይይቱ ጊዜ ግን በፈለጉት ቋንቋ እንዲነጋገሩ ይፍቀዱ። በሁለተኛው ዙር ትክክለኛው መልስ በአንድ ጊዜ ከፍ ካለ፣ ወደ ጥንዶቹ ጠጋ ብለው ምን እንደተባባሉ ያዳምጡ። «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ለካ ያ ነው!» የሚል ከሰሙ ችግሩ የቃል ነበር፤ ለሚቀጥለው ትምህርት አምስት ቃላትን አስቀድሞ መተርጎም ይበቃል። ይህን ሳያውቁ ባዮሎጂውን ደግመው ቢያስተምሩ ግን ጊዜዎን ባላስፈለገ ቦታ አጠፉ ማለት ነው።

ጥያቄውን በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ላይ አያድርጉት። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሚገኝ መረጃ ምንም አያስለውጥም። 18ኛው ወይም 20ኛው ደቂቃ ላይ ቢጠይቁ የቀረውን ጊዜ እንደ ውጤቱ ማዞር ይችላሉ። የአባቶች አነጋገር «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ትምህርት በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ስክሪን ሲመጣልን እኔ አጠገቡ የቆምኩ መምህር ነበርኩ። ሥዕሎቹ ያማሩ፣ ዝግጅቱም የተደከመበት ነበር፤ ሆኖም ስክሪኑ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይሄዳል፤ እኔም ላቆመው አልችልም። እርስዎ በእጅዎ የያዙት ስልክ ከዚያ ስክሪን በዋጋም በመጠንም የትየለሌ ያነሰ ቢሆንም፣ ከተማሪው ወደ መምህሩ የሚሄድ መንገድ አለው፤ ለዚህ ነው ለዚህ ሥራ እንዲህ የምጓጓው።

ጥያቄ

«በሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ላይ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። መብራት የለንም፤ ኔትወርክም የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው። ስልኬን በሁለት ቀን አንዴ ከተማ ስገባ አስሞላለሁ። ስለ ቴክኖሎጂና ምዘና ሥልጠና በተሰጠን ቁጥር ይህ ሁሉ ለከተማ መምህራን ነው እላለሁ። ተሳስቻለሁ?»

መልስ

ስሜትዎ ይገባኛል፤ ድምዳሜዎ ግን ልክ አይመስለኝም። በካናዳ አንድ ኮሌጅ በፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መልሳቸውን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሰጡትን በወረቀት ካርድ ከሚሰጡት ጋር አነጻጽሮ በትምህርቱ ግንዛቤ ላይ ልዩነት አላገኘም። መሣሪያው ቆጠራውን ያቀላጥፋል፤ ትምህርቱን የሚለውጠው ግን ጥያቄውና ከጥያቄው በኋላ የሚደረገው ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ መብራት አይፈልጉም።

አንድ ወረቀት ለአራት ታጥፎ በየክፋዩ 1፣ 2፣ 3 እና 4 በትልቁ ቢጻፍበት ካርድ ሆነ። ወረቀትም ከጠፋ ተማሪው የመረጠውን ቁጥር በጣቶቹ ደረቱ ላይ ያሳይ፤ ከራስ በላይ እጅ ሲወጣ ሁሉም ዞሮ ያያል፤ ደረት ላይ የተያዘ ጣት ግን የሚታየው ከፊት ለቆመው መምህር ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሳዩ!» ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሳዩ፤ ቀድሞ የሚያሳይ ካለ ሌሎቹ እርሱን ይከተላሉ። በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩም ተማሪውም መሰማማት ሲያቅታቸው፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በጣት ማስመለስ ክፍለ ጊዜውን ከመባከን ይታደገዋል። እኔ ይህን የተማርኩት እንዲያ ባለ ዝናብ መሐል ነው።

ስልክዎም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ተማሪዎቹ ጣታቸውን ወይም ካርዳቸውን እንዳሳዩ አንድ ፎቶ ያንሱ። በክፍል ውስጥ 60 እጅ መቁጠር ያደናግራል፤ ማታ ቤትዎ ሆነው ፎቶውን አስፍተው ማን ምን እንደመለሰ በወረቀት ይመዘግባሉ፤ በማግስቱ ለእነማን ምን እንደሚደግሙ አውቀው ይገባሉ። መዝግበው ሲጨርሱ ፎቶውን ያጥፉት። የልጆች ፊት ስለሆነ ለማንም አይላክም፤ ለደስታ ተብሎም የትም አይለጠፍም።

ለሒሳብ ትምህርትዎ አንድ ጥንድ ጥያቄ ልስጥዎ። የመጀመሪያው «ከ0.4፣ ከ0.35 እና ከ0.275 ትልቁ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን። 0.275 የሚሉ ተማሪዎች ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር አንብበው 275 ከ35 እና ከ4 ይበልጣል ያሉ ናቸው። 0.4 ያሉት ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አይመኑ። አንዳንዱ ተማሪ «ሺኛ ከአሥረኛ ያነሰ ስለሆነ ረጅም የሆነ ቁጥር ሁሉ ያንሳል» ብሎ ስለሚያምን በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። ስለዚህ ወዲያው ሁለተኛውን ያስከትሉ፦ «ከ0.3፣ ከ0.48 እና ከ0.625 ትልቁ የትኛው ነው?» አሁን ያ ተማሪ 0.3 ይላል፤ ይገለጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪ ደግሞ በዚህኛው 0.625 ብሎ በአጋጣሚ ያገኛል። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያየ መምህር ክፍሉን በሦስት ይለያል፤ የተረዱ፣ «ረጅም ይበልጣል» የሚሉ እና «አጭር ይበልጣል» የሚሉ። አንዱን ብቻ የጠየቀ ግን ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱን ሳያይ ያልፋል። ለማረም በትምህርት ቤቱ ያለውን የእንጨት ሜትር ይጠቀሙ፤ 0.4 ሜትር 40 ሴንቲ ሜትር፣ 0.35 ሜትር 35 ሴንቲ ሜትር፣ 0.275 ሜትር 27.5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ተማሪው ራሱ በጠመኔ ምልክት ያድርግበት።

ከጥያቄው በኋላ ዝም ይበሉ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ወደ 3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይተዋል። 3 ሰከንድ ለቆመ መምህር ረጅም ነው፤ በስልክዎ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ለመልመጃ ይረዳዎታል። ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ለማስላት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢሰጡ አይበዛም።

ጥያቄ

«ርዕሰ መምህር ነኝ። መምህራኖቼ በትምህርቱ መሐል ጠይቀው የሚያገኙትን ውጤት በተከታታይ ምዘናው ላይ እንዲመዘግቡ ማድረግ አለብኝን? ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ ማስረጃ ይጠይቁኛል፤ ነጥብ ካልተሰጠበት ደግሞ ተማሪው በቁም ነገር አይወስደውም የሚሉ መምህራን አሉ።»

መልስ

እንዳያስመዘግቡ እለምንዎታለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያስቀምጥ ምዘናው ከመማር ማስተማሩ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ነገሩ አምስት በመቶ፣ አሥር በመቶ እየተባለ የሚደመር የትናንሽ ፈተናዎች ሰልፍ ሆኖ ቀርቷል። ፈተናው ተከታታይ ሆነ፤ ትምህርቱ ግን በውጤቱ አልተለወጠም። የምዘና ምሁሩ ማይክል ስክሪቨን በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ለማሻሻል የሚደረገውን ምዘና ካለቀ በኋላ ለመፍረድ ከሚደረገው ሲለዩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መቀላቀል እንደማይገባ ያሳየ ልዩነት አስቀምጠዋል።

ነጥብ ሲገባበት ተማሪው የሚያስበውን መመለስ ትቶ የሚያስመሰግነውን ይፈልጋል፤ ያቺ ካርዷን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞረች ልጅ ዘወር ብላ የጎበዙን ካርድ ታያለች። ያኔ መምህሩ የሚሰበስበው የኩረጃን ውጤት ነው። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በሥራቸው ላይ ጽሑፋዊ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ተሻሽለዋል፤ ነጥብ ብቻ የተሰጣቸውም፣ ነጥብና አስተያየት በአንድነት የተሰጣቸውም ግን እንደዚያ አልተሻሻሉም። ነጥቡ ከጎኑ ያለውን አስተያየት ሸፈነው ማለት ነው። ተማሪው በቁም ነገር አይወስደውም ለሚለው ስጋት እኔ ያየሁት መልስ ቀላል ነው፤ ተማሪዎች መልሳቸው የመምህሩን ቀጣይ እርምጃ ሲለውጥ ካዩ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አጥብቀው ይይዙታል፤ ካላዩ ግን ነጥብም አያድነውም።

ለሱፐርቫይዘሩ የሚሆን ማስረጃ ከመምህሩ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ግርጌ ሦስት መስመር ይበቃል፤ የተጠየቀው ጥያቄ፣ በየምርጫው የወጣው ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ መምህሩ ያደረገው። ለምሳሌ «ኤ 12፣ ቢ 15፣ ሲ 4፣ ዲ 3፤ ጥንዶች 3 ደቂቃ ተወያዩ፤ በሁለተኛው ዙር ቢ 27፤ ቀጠልን» የሚል። አንድ የትምህርት ክፍል መምህራን በወር አንዴ ተቀምጠው እነዚህን መስመሮች ቢያነቡ፣ ጥሩ ጥያቄዎች እየተለቀሙ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣሉ። ጥያቄ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ ስለሆነ እያንዳንዱ መምህር ብቻውን በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር የለበትም። እርስዎ በሥልጣንዎ ሊያደርጉ የሚችሉት ትልቁ እርዳታ ይህን ሰዓት መፍቀድና የካርዶቹን ማተሚያ ወረቀት መስጠት ይመስለኛል።

ጥያቄ

«ፈረንጅ አራዳ የምኖር እናት ነኝ። የልጄ መምህር ማታ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ጥያቄ ይልካሉ። እኛ ቤት ስማርት ስልክ ያለው አባቷ ብቻ ነው፤ እርሱም አምሽቶ ይገባል። ልጄ ‹እኔ ብቻ አልመለስኩም› እያለች ታለቅሳለች። መምህሩን እንዳላስቀይም ምን ልበል?»

መልስ

የልጅዎ ማልቀስ ልብ ይነካል፤ መምህሩም ቢያውቁ እንደሚያዝኑ እገምታለሁ። ቴሌግራም ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ትክክለኛ መልስ ያለው የጥያቄ ዓይነት ስላለው፣ ተማሪው እንደነካው ልክ መሆኑንና አለመሆኑን ያያል፤ መምህሩም ለነገ የሚያስፈልገውን ቁጥር ያገኛል። ለመምህሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስልክ ያላቸውን ብቻ የሚሰማ ምዘና የክፍሉን ሁኔታ አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ ዕርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከግሩፑ ውጭ የቀሩት ናቸውና።

ትምህርት ቤት ሄደው መምህሩን ለብቻቸው ሲያገኙ «ልጄ ጥያቄዎቹን ትወዳቸዋለች፤ ስልክ ግን በጊዜ አይደርሳትም» ብለው ይጀምሩ፤ ቅሬታ ሳይሆን መረጃ ስለሆነ አያስቀይምም። ከዚያም ሁለት ነገር ይጠይቋቸው። አንደኛው፣ ግሩፑ ላይ መልስ ሰጪው እንዳይታወቅ የሚያደርገውን ምርጫ እንዲጠቀሙ ነው፤ ማን መለሰ ማን ቀረ የሚለው ዝርዝር ያኔ አይታይም። ሁለተኛው፣ የማታውን ጥያቄ ከመውጫ ደወል በፊት ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉት ነው። ልጅዎ በደብተሯ ትገለብጠዋለች፤ ማታ መልሷንና የመረጠችበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ለክፍል አለቃዋ ትሰጣለች፤ አለቃውም ስልክ የሌላቸውን ሁሉ ሰብስቦ ለመምህሩ ያደርሳል።